ሁለት ዓይን፣ ሁለት ኦፕራሲዮን

የግላኮማ ኦፕራሲዮን ሲሳካ ምንም አይታይም። ሞራ የተገፈፈለት ሰው መሸፈኛው ሲነሳለት ይደነቃል። ቀለም ይደምቅለታል፣ የሰው ፊት ይጠራለታል። እኛ ግን ዓይናችን ቀልቶ፣ እንባ እያቀረረ፣ ከበፊቱ ይልቅ ደብዘዝ ብሎብን ነው የምንወጣው። ዶክተሯ የዓይናችንን ግፊት ትለካና "በጣም ጥሩ ነው!" ትላለች። ጥሩ የተባለው ቁጥሩ ነው። ግላኮማ የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው፤ የጠፋው እይታ አይመለስም። አንዴ የሞተን የዓይን ነርቭ የሚያስነሳ ቢላዋም ሌዘርም እስካሁን የለም። ኦፕራሲዮኑ የሚሠራው ለቀረው ነው።

ይህን አስቀድሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዎች ዓይኔን ስታከም እንደከረምኩ ሲሰሙ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ "የትኛው ኦፕራሲዮን ይሻላል?" ይሉኛል። እኔም አንድ ሰሞን ይህንኑ ስጠይቅ ነበር። ዶክተሯ መልሳ የጠየቀችኝ "ለየትኛው ዓይንዎ?" ብላ ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳነብ ግን የግላኮማ ቀዶ ጥገና ንጽጽር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ እንደሆነ ገባኝ። ቀኝ ዓይኔ ከዓመታት በፊት ሞራ ተገፍፎለታል። ግራው ቢላዋ ነክቶት አያውቅም ነበር። በሽታው አንድ፣ ሰውየው አንድ፣ መልሱ ግን ሁለት ሆነ።

ነገሩን ከውሃው እንጀምር። ዓይን በውስጡ ንጹህ ፈሳሽ ያመርታል፤ በደቂቃ ሁለት ማይክሮ ሊትር ገደማ። ይህ ፈሳሽ ከአይሪስ፣ ማለትም ከዓይን ባለቀለሙ ክፍል፣ ኋላ ተነስቶ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ያልፋል። ከዚያ ኮርኒያ የተባለው ጥርት ያለ የፊት ሽፋንና አይሪስ በሚገናኙበት ጥግ ያለ ወንፊት መሰል መረብ አለ። በሱ ሰርጎ ሽሌም ወደሚባል ቀጭን ቦይ፣ ከቦዩ ደግሞ ወደ ደም ሥር ይገባል። በብዙዎቻችን ላይ የሚበላሸው መረቡ ነው። ፈሳሹ እንደ ልቡ አይወጣም፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከኋላ ያለው ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ጤነኛ የሚባለው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ይሁንና በ16 ነርቩ የሚሞትበት ሰው አለ፤ በ24 ምንም የማይሆንም አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱ ዒላማ ይወጣለታል። በሽታው ለገፋበት ሰው ዒላማው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 12 አካባቢ ይወርዳል። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በየምርመራው ግፊታቸው ከ18 በታች የቆየላቸውን ሰዎች ለይቶ አይቶ ነበር። የነዚህ ሰዎች አማካይ ግፊት 12.3 ነበር። የእይታ መስካቸውም በአማካይ ሲታይ ለዓመታት ባለበት ቆይቷል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የቀዶ ጥገናዎቹ ስም ብዙ ነው፤ በየዓመቱም ይጨምራል። ስማቸውን ከማጥናት ይልቅ አንድ ነገር መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ውሃው የት ነው የሚሄደው? መረቡን ቀድዶ ወይም አልፎ ወደ ራሱ ወደ ሽሌም ቦይ የሚያስገባ ኦፕራሲዮን መጨረሻው የደም ሥር ነው። ደም ሥሩ ውስጥ ደግሞ ከ8 እስከ 10 የሚሆን ግፊት አለ። መረቡ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም። በተግባር አብዛኛው ሰው 15፣ 16 አካባቢ ይቆማል። ውሃውን ከዓይን ኳስ ውጪ፣ ከስሱ ሽፋን ሥር የሚያፈስ ኦፕራሲዮን ግን ይህ ገደብ የለበትም። 10ም ይደርሳል፣ አንዳንዴም ከሚፈለገው በታች ይወርዳል። ጥቅሙም አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ከነዚህ ሁሉ አንጋፋው ትራቤኩሌክቶሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኬርንስ የተባለ የካምብሪጅ ሐኪም ያስተዋወቀው ነው። ታሪኩን በጣም እወደዋለሁ። ኬርንስ ያሰበው የመረቡን ቁራጭ አውጥቶ ውሃውን በተቆረጡት የሽሌም ቦይ ጫፎች ማስገባት ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ውሃው በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ከተሠራው ክዳን ሥር እየሾለከ ወጥቶ ላይኛው ሽፋን ሥር ተጠራቀመ፤ ትንሽ እብጠትም ፈጠረ። ሐኪሞች ብሌብ ይሏታል። ዋነኛው መንገድ እሷ ሆና ተገኘች። ከዚያ በፊት የነበሩት ኦፕራሲዮኖች ዓይንን ያለ ክዳን ወለል አድርገው የሚበሱ ስለነበሩ ግፊቱ ቁልቁል ይወርድና ዓይኑ ይሟሽሽ ነበር። የኬርንስ ክዳን ፍሰቱን ገታ አደረገው። ከታሰበው በተለየ ምክንያት የሠራ ነገር ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መለኪያ ሆኖ ኖረ። ዛሬም አዲስ ነገር ሲመጣ የሚነጻጸረው ከሱ ጋር ነው።

ጠላቱ ጀርም ወይም የሐኪም እጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ጠላት የራሳችን ፈውስ ነው። ጆሮ የተበሳ ሰው ጉትቻውን አውልቆ ከተወው ቀዳዳው ይደፈን የለ? ሰውነት ቀዳዳ አይወድም። በዓይንም እንደዚያው ነው፤ ጠባሳ ይሠራል፣ መንገዱን ይዘጋል። ሌላ ኦፕራሲዮን ሁሉ ቶሎ እንዲድን ይጸለይለታል፤ ይህኛው ግን እንዳይድን ነው የሚታገሉት። ለዚህ ነው በኦፕራሲዮኑ መሃል ማይቶማይሲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ለጥቂት ደቂቃ ቦታው ላይ የሚደረገው። የሴሎቹን መራባት ያቆማል። በጣም ከበረታ ደግሞ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ያንጠባጥባል፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ጀርም ሊገባበት ይችላል። ወጣት ከሆኑ፣ የአፍሪካ ዝርያ ካለዎት፣ ዓይንዎ ውስጥ ብግነት ካለ ወይም ከዚህ ቀደም ተከፍቶ ከነበረ ጠባሳው ይበረታል። ይህን ስሰማ የመጀመሪያ ስሜቴ ቁጣ ነበር። በገዛ አካሌ ላይ መቆጣት ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ተቆጣሁ።

ግራ ዓይኔ ላይ የተሠራው ይኸው ትራቤኩሌክቶሚ ነው። ማንም በግልጽ የማይናገረውን ልናገር፤ ይህ ኦፕራሲዮን አልጋው ላይ አያልቅም። አልጋው ላይ የሚሆነው ግማሹ ነው። የቀረው ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው የሚሠራው። ክዳኑ በስፌት ጠበቅ ተደርጎ ይዘጋል። ግፊቱ ሲጨምር ዶክተሯ ስፌቱን በሌዘር አንድ በአንድ ትበጥሰዋለች፤ ውሃውም በልኩ ይለቀቃል። የስቴሮይድ ጠብታው በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። ብሌቧ መዘጋት ከጀመረች በቀጭን መርፌ ጠባሳውን ትከፍተዋለች። አንድ ቀን ግፊቴ አምስት ነበር፤ እይታዬም በውሃ ውስጥ እንደማየት ሆነ። ሌላ ቀን ወደ ሃያዎቹ ወጣ። "ታገሱ" ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ክትትሉን በቅርብ መመላለስ ለማይችል ሰው ይህን ኦፕራሲዮን ከሌላው ጋር በቁጥር ብቻ ማወዳደር ከንቱ ነው።

ቱቦው ሌላ መንገድ ነው። ሀሳቡ ሰውነት ይጠገን፣ እኛ ግን መንገዱን በባዕድ ነገር እንያዝ የሚል ነው። ሞልቴኖ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 በደቡብ አፍሪካ ሳለ የጀመረው ነው። ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ጫፉ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሌላው ጫፉ ከዓይን ኳሱ ጎን፣ በቆብ ከተሸፈነው በኩል ወደ ኋላ ከተቀመጠ ዝርግ ሳህን ጋር ይገናኛል። ሰውነት በሳህኑ ዙሪያ ከረጢት ይሠራል። ውሃው ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀምና በግድግዳው ቀስ እያለ ይሰርጋል። ስለዚህ ግፊቱን የሚወስነው የከረጢቱ ውፍረት ነው። እዚህም ጠባሳ አለ። ልዩነቱ ጠባሳው ሥራ ተሰጥቶታል።

ቱቦዎቹ ራሳቸው ሁለት ጎራ ናቸው። አህመድ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የገባ ሲሆን ቫልቭ አለው፤ ግፊቱ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ይዘጋል። ከመጀመሪያው ቀን ይሠራል፣ ዓይንም እንዲሟሽሽ እምብዛም አይፈቅድም። ቤርቬልት የሚባለው ቫልቭ የለውም፤ ሳህኑ ግን ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ከረጢቱ እስኪሠራ ለሳምንታት በሚሟሟ ክር ይታሰራል። ክሩ በለቀቀበት ቀን ምን እንደሚሆን በትክክል የሚያውቅ የለም። ሁለቱን ያወዳደሩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ውጤት ሲጣመር፣ በ514 ሰዎች ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ የአህመድ 49 በመቶው፣ የቤርቬልት 37 በመቶው አልተሳካም። በሌላ በኩል ግፊት ከልክ በላይ ወርዶ የከሸፈው በቤርቬልት በርከት ይላል። ዝቅ ያለ ግፊት የፈለገ ትንሽ ይደፍራል፤ ነገሩ በየትኛውም ገጽ ላይ ብታዩት ይኸው ነው።

ትራቤኩሌክቶሚ ወይስ ቱቦ? እዚህ ላይ ነው የኔ ሁለት ዓይኖች በሁለት የተለያዩ ጥናቶች ውስጥ የሚወድቁት። የመጀመሪያው ጥናት 212 ዓይኖችን ይዟል። ሁሉም ቀድሞ ሞራ የተገፈፈላቸው ወይም ትራቤኩሌክቶሚ ከሽፎባቸው የመጡ ናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በቱቦው ወገን 29.8 በመቶ፣ በትራቤኩሌክቶሚው ወገን 46.9 በመቶ አልተሳካም። ዳግም የግላኮማ ኦፕራሲዮን ያስፈለጋቸው ደግሞ 9 እና 29 በመቶ ናቸው። ቀኝ ዓይኔ እዚህ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጥናት ተነክቶ የማያውቅ ዓይን ላይ የተሠራ ነው፤ 242 ዓይኖች። እዚህ ሚዛኑ ተገላበጠ። በመጀመሪያው ዓመት ቱቦ 17፣ ትራቤኩሌክቶሚ 8 በመቶ ገደማ ከሸፉ። በአምስተኛው ዓመት 42 እና 35 ደረሱ፤ ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ዓይን እርግጠኛ የሚባል አይደለም። ግፊታቸውም ተቀራራቢ ነበር። ትራቤኩሌክቶሚ የተሠራላቸው ግን የሚጠቀሙት ጠብታ ያንሳል፤ በአማካይ 1.3 ዓይነት ሲሆን የቱቦዎቹ 2.2 ነው። ግራ ዓይኔ እዚህ ውስጥ ነው። በየቀኑ ጠብታ ለሚያንጠባጥብ ሰው የአንድ ጠርሙስ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም። ዓይን ያቃጥላል፣ ያቀላል፣ ይረሳል፣ ያልቃል።

እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። "ከሸፈ" ማለት ምን ማለት ነው? በነዚህ ጥናቶች ግፊቱ ከ21 በላይ ከሆነ ወይም ከነበረበት ቢያንስ 20 በመቶ ካልቀነሰ ከሸፈ ይባላል። ከ5 በታች ወይም እኩል ሆኖ ከቆየ፣ ዳግም ኦፕራሲዮን ካስፈለገ፣ ዓይኑ ብርሃን ማየት ካቆመም እንዲሁ። እሺ። ግን ነርቩ 12 የሚፈልግ ሰው ግፊቱ ከ30 ወደ 20 ቢወርድ በወረቀት ላይ "ተሳካ" ይባላል። በቤቱ ግን እየታወረ ነው። ብሌብን በመርፌ መክፈትም፣ ምርመራ ክፍል ውስጥ እስከተሠራ ድረስ፣ እንደ ዳግም ኦፕራሲዮን አልተቆጠረም። የተወጋው ሰው ይቁጠረው! ጥናቶቹ መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ካሉን ሁሉ የተሻሉ ናቸው። ግን አንድ ሰው በመቶኛ ሊያሳምነኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስኬት የሚለው ምኑን እንደሆነ ነው።

ከባድ ችግር የደረሰባቸውን በተመለከተ የመጀመሪያው ጥናት ያገኘው ውጤት ያስገርማል። መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት ትራቤኩሌክቶሚ ብዙ ጣጣ አለው። በአምስት ዓመት ሲታይ ግን ዳግም ኦፕራሲዮን ያስከተለ ወይም እይታ የቀነሰ ከባድ ችግር በቱቦ 22፣ በትራቤኩሌክቶሚ 20 በመቶ ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የችግሩ ዓይነት ነው የሚለየው። ብሌብ ያላት ዓይን ዕድሜ ልኳን በጀርም ትሰጋለች፤ ዓይን ቀልቶ ካመመ በዚያው ቀን መሮጥ ነው። ቱቦ ያለው ዓይን ቱቦው ሽፋኑን በልቶ ብቅ ሊልበት ይችላል። ነገር ሁለት ሆኖ ሊታየው ይችላል። ወደ ኮርኒያ ከተጠጋም የኮርኒያውን ሴሎች ያሳሳል። ሞራ ያልተገፈፈለት ዓይን ላይ ትራቤኩሌክቶሚ ሞራውን ያፋጥነዋል፤ ከላይ ያነሳሁት የአሜሪካ ጥናት ስጋቱ በ78 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል።

አሁን ስለ አዲሶቹና ስለ ጥቃቅኖቹ። አይስቴንት የምትባለው ቧንቧ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈቀደች። ሃይድረስ የሚባለው 8 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ድጋፍ ነው፤ ሽሌም ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱም ሞራ ሲገፈፍ አብረው ይገባሉ፣ ቁስላቸው ትንሽ ነው፣ ማገገሙም ፈጣን። ሃይድረስ የገባላቸው ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ 66 በመቶው ያለ ጠብታ ነበሩ። ሞራ ብቻ ከተገፈፈላቸው ግን 46 በመቶው። ልብ በሉ፤ ሞራ መገፈፉ ብቻውን ግማሽ ለሚጠጉት ሠርቷል። ግላኮማቸው ገና ለሆነና ሞራቸው ለደረሰ ሰዎች ጥሩ ነገር ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ያ የደም ሥር ወለል አለ፤ 12 ከዚያ መንገድ አይገኝም ማለት ይቻላል። ማስታወቂያው ይህን አይናገርም።

ውሃውን እንደ ትራቤኩሌክቶሚ ወደ ውጪ የሚያወጡ ትንንሽ ቱቦዎችም አሉ። ዜን እና ፕሪዘርፍሎ ይባላሉ። ብሌብ ይሠራሉ፣ ማይቶማይሲንም ይፈልጋሉ፤ ጠባሳም አይቀርላቸውም። ፕሪዘርፍሎ ከትራቤኩሌክቶሚ ጋር በ527 ሰዎች ላይ ተወዳድሮ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የአንድ ዓመት የስኬት ውጤት 53.9 ለ 72.7 በመቶ ተበልጧል። ማገገሙ ቀላል፣ መሟሽሹም ያነሰ ነው። ግን ዝቅ ያለ ቁጥር ላይ አሮጌው ያሸንፋል። ሳይፓስ የተባለው ሌላ ዓይነት ትንሽ ቱቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ከገበያ ወጥቷል፤ የአምስት ዓመቱ ክትትል ሲመጣ የኮርኒያ ሴሎችን እንደሚያሳሳ ታየ። የሁለት ዓመት ውጤት ይዞ የመጣን መሣሪያ በጥርጣሬ የማየው ከዚህ ወዲህ ነው።

ቢላዋ የማይነካቸውን በአጭሩ ልለፋቸው። መረቡን የሚነካው ሌዘር ለጀማሪ ድንቅ ነው። 718 ሰዎችን የያዘው የእንግሊዝ ጥናት በሌዘር ከጀመሩት 74 በመቶው ለሦስት ዓመት ያለ ጠብታ እንደቆዩ አሳይቷል። ውሃ አምራቹን ክፍል የሚያቃጥለው ሌዘር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሌላ አማራጭ ላጣ ዓይን ነበር የሚቀመጠው፤ የተቃጠለ አይመለስምና። ጥጉ ለተዘጋበት የግላኮማ ዓይነት ጭራሽ ሌላ ሂሳብ ነው፤ እዚያ ሌንሱን ማውጣት ራሱ ሕክምና ሊሆን ይችላል። በ419 ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት ይህን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳይቷል።

አንድ ጥናት ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። 453 ሰዎች ናቸው፤ ሲደረስባቸው በሽታው ቀድሞ ገፍቶ ነበር። ግማሾቹ በቀጥታ ትራቤኩሌክቶሚ፣ ግማሾቹ በጠብታ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተቆረጡት ግፊት 12.4፣ የሌሎቹ 15.1 ሆነ። ስለ ኑሯቸውና ስለ እይታቸው ሲጠየቁ ግን ሁለቱ ወገኖች አልተለያዩም። በቢላዋ የጀመረ በቢላዋው ምክንያት ኑሮው አልተበላሸም ማለት ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው "እስቲ ጠብታውን ሌላ ጥቂት እንሞክር" ማለቴን ያቆምኩት።

ቀኝ ዓይኔ ቱቦ ገብቶለታል፤ ቤርቬልት ነው። ክሩ እስኪለቅ ባሉት ሳምንታት ጠብታውን እንደ ቀድሞው ስጨምር ነበር፤ ግፊቱም አልወረደም። ከዚያ አንድ ሌሊት ወረደ፣ ጠዋት ደብዝዞ ጠበቀኝ፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ 13 ተረጋጋ። አሁን አንድ ዓይነት ጠብታ ይፈልጋል። ግራው በ11 ያለ ጠብታ ነው፤ ግን ሞራ ጀምሮታል። ሞራው ሲገፈፍ ብሌቧ ልትዘጋ ትችላለች። ስለዚህ መቼ እንደሚገፈፍ ከዶክተሯ ጋር ገና እየተከራከርን ነው። እሷ ትንሽ እንቆይ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ማንበብ እየከበደኝ ነው።